ግማሽ ክኒን

አክስቴን ክኒን በምላጭ ስትሰነጥቅ አየኋት። ፒያሳ ያለው ቤቷ ውስጥ ምጣዱ ገና አልበረደም፤ እሷ ሰፌድ ላይ ወረቀት ዘርግታ የልጇን መድኃኒት ለሁለት ትከፍላለች። "ሐኪሙ ነው እንዲህ ያዘዘው?" አልኳት። "አይ ልጄ፣ እንዲያደርስ ብዬ ነው" አለችኝ። እስከ ቀጠሮው እንዲያደርስ ነው እንግዲህ። ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ለሦስት ሳምንት ነው የመጣሁት፣ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የአክስቴ ልጅ አእምሮውን ከታመመ ስድስት ዓመት ሆነው። መጀመሪያ እንጦጦ ፀበል ወሰዱት፤ አልፈርድባቸውም፣ እኔም ብሆን ከዚያ ነበር የምጀምረው። መድኃኒት ሲጀምር ተሻለው፣ ጋራዥ ተቀጠረ። ክኒኑ በጎደለ ቁጥር ግን ድምፆቹ ይመለሳሉ፣ ሥራውም ይቀራል።

ደግሞ ቤቱን የሚያራቁተው ክኒኑ ብቻ አይደለም። በቀጠሮ ቀን አክስቴ እንጀራ አትጋግርም፣ ደንበኛ ሌላ ጋ ይሄዳል። ብቻዋን ስለማትችለው ታናሹ ከቀን ሥራው ይቀራል። ከባሰበት ሚኒባስ አይታሰብም፣ ኮንትራት ነው። ይሄ ሁሉ የትኛውም ደረሰኝ ላይ አይጻፍም። የዓለም ጤና ድርጅት ድብርትና ጭንቀት ብቻ የዓለምን ኢኮኖሚ በዓመት 1 ትሪሊዮን ዶላር ያህል ያሳጡታል ይላል። መንግሥታት ግን ከጤና በጀታቸው ለአእምሮ ጤና የሚመድቡት 2 በመቶ ግድም ነው።

እኔ ያለሁበት አገርም ገነት አይደለም። ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ለአንድ ሰዓት ምክር ከ100 ዶላር በላይ ሊጠየቅ ይችላል። ግን እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ሕግ አለ፤ የአእምሮ ሕክምናን የሚሸፍን ኢንሹራንስ ከሌላው ሕመም የባሰ ገደብ እንዳይጥልበት ይከለክላል። እንደ አክስቴ ልጅ የታመመ የሥራ ባልደረባ አለኝ። መድኃኒቱ በፖስታ እስከ ቤቱ ድረስ ይመጣለታል፣ ሥራውም ላይ አለ። እኛ ጋ "አማኑኤል ግባ" ስድብ ነው። ሰው ስድቡን ፈርቶ ልጁን ይደብቃል፣ ሐኪም ጋ የሚደርሰው ነገሩ ከከፋ፣ ጥሪቱም ካለቀ በኋላ ነው።

በማግስቱ ማዘዣውን ይዤ ቸርችልን ወረድኩ። አንዱ ፋርማሲ "አልቋል" አለኝ። ሌላው "ዶላር ሲገኝ ይገባል"። ሦስተኛውም የለውም። አራተኛው ጋ አገኘሁና የሦስት ወር ገዛሁ።

አክስቴ ፓኮዎቹን አንድ በአንድ ቆጠረች። "በግማሽ ካደረግነው ስድስት ወር ይሄዳል" አለችኝ። ተዪ ልላት ፈለግኩ። ግን ከሦስት ወር በኋላ እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ፣ ምላጩ እሷ ጋ ነው።