ኮረኮንች ፍለጋ የሚወጡ ሰዎች

እኛ አገር ኮረኮንች መንገድ ማለት ያልደረሰ ልማት ነው። አስፋልት ባልገባለት ሰፈር ያደገ ሰው ያውቀዋል። ባጃጁ «ውስጥ አልገባም፣ እዚሁ ውረድ» ይልሃል። ክረምት ላይ ጫማህን በእጅህ ይዘህ ነው ቤት የምትደርሰው። ባለሥልጣን በመጣ ቁጥር የመጀመሪያው ጥያቄ «አስፋልታችን መቼ ነው?» ነው።

እዚህ ሰሜን እንግሊዝ ደግሞ አስፋልቱን ትተው ኮረኮንች ፍለጋ ቅዳሜ በጠዋት የሚወጡ ሰዎች አሉ። ግራቭል ይሉታል። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ሳይክል ሁሉ አላቸው። መሪው የእሽቅድድም ሳይክል መሪ ነው፣ ወደ ታች የታጠፈ። ጎማው ግን ወፈር ያለ ነው፤ ጠጠሩ ላይ እንዳያንገጫግጭ ነፋሱም ሆን ተብሎ ይቀነሳል። ዋጋው ብዙ ጊዜ ከ2 ሺህ ፓውንድ በላይ ነው። ባሕር ዳር በኪራይ ሳይክል ላደገ ሰው ይሄ ትንሽ ያበሳጫል። እኛ ጠጠሩን በነጻ ነበር የምናገኘው፣ ያውም ሳንፈልገው።

እኔን ያስገባኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። አንድ ትርፍ ሳይክል አለው። (ሰው እንዴት ትርፍ ሳይክል ይኖረዋል? አላችሁ። እኔም ብያለሁ።)

ከካናሉ፣ ለጀልባ ተብሎ ከተቆፈረው ቦይ፣ ልጀምር፤ ካናሉ ደግ ነው። የሮችዴል ካናል ከማንቸስተር ተነስቶ የፔናይንን ተራሮች አቋርጦ ሶወርቢ ብሪጅ ድረስ 51 ኪሎሜትር ያህል ይሄዳል። ሥራው ያለቀው በ1804 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ቁጠሩልኝ)። ጀልባዎቹን የሚጎትቱት ፈረሶች ስለነበሩ ዳር ዳሩን የፈረስ መንገድ ተሠራለት። አሁን ሳይክል የምንነዳው እሱ ላይ ነው። ከድልድዮቹ ሥር ስታልፉ የድንጋዩን ጠርዝ እዩት። ጣት የሚያስገባ ቦይ ቦይ ወጥቶበታል። የፈረሶቹ ገመድ ነው ያን ድንጋይ የበላው። አብዛኛው የካናሉ ክፍል በ1952 ለጀልባ ተዘግቶ ነበር፤ በ2002 ተጠግኖ እንደገና ተከፈተ። ይጠቅማል ብለው ሳይሆን ያምራል ብለው ይመስለኛል። እኛ ቢሆን ደፍነን ሱቅ እንሠራበት ነበር።

በዚያ ላይ ደወል ስትነካ ሰዉ ያመሰግንሃል። ውሻውን ጎትቶ ዳር ይይዝና «ታንክ ዩ» ይላል። አገር ቤት ለእግረኛ ክላክስ አድርጎ የተመሰገነ ካለ እጁን ያውጣ።

ካናሉን ትቶ ሽቅብ መውጣት ሲጀመር ግን ነገሩ ሌላ ነው። ላይ ዛፍ የለም። ሳር፣ አስታ የሚመስል አጭር ቁጥቋጦ፣ ጭጋግ፣ በግ። ከረግረጉ የሚወርደው ውሃ እንደ ቀጠነ ሻይ ነው። ከፍታው 500 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ብርዱ ግን የጓሳ ብርድ ነው። ጓሳን የማውቀው እናቴ የመንዝ ልጅ ስለሆነች ነው። 3 ሺህ ሜትር ሳይወጡ እንዲህ ያለ ብርድ ማግኘት የእንግሊዝ ችሎታ ነው።

መንገዱም ቢሆን አመጣጡ ከመንዝ አይርቅም። እነዚህ ተራሮች የሱፍ አገር ነበሩ። ገበሬው ቤቱ ቁጭ ብሎ ይሸምናል፣ ጨርቁ በፈረስ ተጭኖ ሐሊፋክስ ገበያ ይወርዳል። ረግረጉ ላይ ፈረስ እንዳይሰምጥ ጠፍጣፋ ድንጋይ በአንድ ረድፍ አነጠፉ። ድንጋዮቹ ዛሬም አሉ። መሃላቸው በኮቴ ብዛት ጎድጉዷል፤ ዝናብ ሲዘንብ ውሃ ይይዛል። አያቴ ሱፍ ስትፈትል ትዝ ይለኛል። የመንዝ ባናም በበቅሎ ነበር ገበያ የሚወርደው። የበቅሎው መንገድ የት እንደነበር ዛሬ ማን ያሳየኛል?

አሁን ወደ ተናደድኩበት ልምጣ።

ዝናብ ጀመረ። እዚያ ላይ ዝናብ ከላይ አይመጣም፣ ከጎን ነው። መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። የግራው ቁልቁል ወርዶ ቀጥ ብሎ መንደሩ ይገባል፤ ሻይ የምንጠጣበት ቤት ጣሪያው ይታያል። የቀኙ ግድቡን ዞሮ ሌላ ዳገት ይወጣል። ባልደረባዬ ወደ ቀኝ ታጠፈ።

«ምነው?» አልኩት። በግራው መንገድ አጥር ላይ የተመታች ትንሽ ቢጫ ቀስት አሳየኝ። ቢጫ ለእግረኛ ብቻ ነው። ሰማያዊ ከሆነ ፈረስም ሳይክልም ይገባል። ዙሪያችንን ብመለከት አንድ ሰው የለም። በጎች ብቻ። «በጎቹ ናቸው የሚከሱን?» አልኩት። ሳቀ። ግን አልተመለሰም። ዳገቱን ወጣነው። ጫማዬ ውስጥ ውሃው ይንቦጫረቅ ነበር፤ የተሳደብኩት በአማርኛ ስለሆነ አልገባውም።

ሻይ ላይ ነው ያስረዳኝ። በእንግሊዝ ሕግ ሳይክል የፈረስ መንገድ ላይ እንዲሄድ የተፈቀደው በ1968 ነው፤ ለእግረኛና ለፈረሰኛ ቅድሚያ እስከሰጠ ድረስ። ከዚያ በፊት በ1949 የወጣ ሕግ ደግሞ የየአካባቢው አስተዳደር የእግርና የፈረስ መንገዱን ሁሉ በካርታ እንዲያሰፍር አዘዘ። ካርታው ላይ የሰፈረ መንገድ በገበሬው ማሳ መሃል ቢያልፍም መንገድ ነው። በግቢው ቢያልፍም መንገድ ነው። ባለቤቱ ስለሰለቸው ብቻ አይዘጋውም። አንተም የከፈትከውን በር መዝጋት አለብህ። (በሩ ደግሞ ብዛቱ! ወጣ ስትል በር፣ ወረድ ስትል በር።)

ይሄ ሁሉ በደግነት የተሰጠ እንዳይመስላችሁ። ማንቸስተር አጠገብ ኪንደር ስካውት የሚባል ተራራ አለ። ባለመሬቶቹ ወፍ የሚያድኑበት ነበር፤ ለፋብሪካ ሠራተኛ ዝግ። ኤፕሪል 24 ቀን 1932 ቤኒ ሮትማን የሚባል የ20 ዓመት ልጅ እየመራቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ጥሰው ወጡ። ከዘበኞቹ ጋር ግብግብ ተነሳ። አምስቱ እስር ቤት ገቡ። ለእግር መንገድ ሲሉ ታሰሩ! ባልደረባዬ ይህን ሲያወራ ስለ ቅድመ አያቱ የሚያወራ ነው የሚመስለው።

እኛም እኮ ባዶ አልነበርንም። የጓሳን ሳር የመንዝ ሰዎች ቄሮ በሚባል የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ለዘመናት ጠብቀውታል። አባ ቄራ የሚባል አለቃ ይመርጣሉ፣ ሳሩ ለዓመታት ይዘጋል፣ ክፈቱ ሲባል ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይወጣል። ደንቡን ያፈረሰ ይቀጣል። በ1975 የመሬት አዋጁ ሲመጣ ሥርዓቱ ተናጋ፤ ጓሳ ራሱ ግን እስከ ዛሬ አለ። ስለዚህ «አበሻ የጋራ ነገር አያውቅበትም» የሚለውን ወሬ አልቀበልም።

ግን ታዲያ የእናቴን መንገድ ማን ይጠብቅላት?

ባሕር ዳር ከቤታችን ጀርባ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚያቋርጥ የእግር መንገድ ነበር። እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ሰው ይሄድበታል። አንድ ጠዋት እናቴ ነጠላዋን ለብሳ ስትወጣ ቆርቆሮ ታጥሮበት አገኘችው። ጉልበቷን ያማታል። አሁን ዋናውን መንገድ ዞራ፣ ባጃጅ እየሸሸች ነው የምትደርሰው። ሰውዬውን ብትጠይቀው «እማማ፣ ይዞታዬ ነው» አላት። በትሕትና ነው ያላት፤ እሱ ነው ይበልጥ የሚያናድደኝ።

ወንድሜ ሊያመለክት ሄደ። «መንገድ ለመሆኑ ማስረጃ አላችሁ?» ተባለ። ምን ዓይነት ማስረጃ? ሰው ይሄድበት ነበር! «ካርታ አምጡ» አሉት። ሰውዬው ካርታ አለው፤ መንገዱ የለውም። ለእግር መንገድ ካርታ የሚያወጣ ቢሮ የቱ ጋ እንዳለ ጠየቀ፤ የሚያውቅ ጠፋ። ሰፈሩ ውስጥ አርባና ሃምሳ ዓመት የኖሩ ሽማግሌዎች ይዞ ተመለሰ። ሰኞ ኑ ተባሉ። የትኛው ሰኞ እንደሆነ እስካሁን አልተነገራቸውም።