ላይፕዚግ የሚሄድ ሰው አንገቱን ያዙር

ስለ ጀርመኗ ከተማ ስለ ላይፕዚግ የተጻፈውን ጽሑፍ አንብቤ ወድጄዋለሁ። ግን የላይፕዚጉን የቶማስ ቤተ ክርስቲያን የኳየርና የኦርጋን ዝግጅት «የቱሪስት ኮንሰርት» ማለቱ አልተዋጠልኝም። ዓርብ ማታና ቅዳሜ ከሰዓት የሚቀርበው ይህ «ሞቴት» የሚባል ዝግጅት ጸሎት አለው፣ ቃል ይነበብበታል፣ ሕዝቡም አብሮ ይዘምራል። ቱሪስት መብዛቱ እውነት ነው። ቢሆንም አምልኮ ነው።

አዲስ ሰው ሲገባ ዓይኑ ፊት ለፊት መድረክ ይፈልጋል። የለም! የኳየሩ ልጆች የሚቆሙት ከኋላ፣ ሰገነቱ ላይ፣ ትልቁ ኦርጋን አጠገብ ነው። ድምፁ ከጀርባ ሲመጣ ሰው ሁሉ አንገቱን ያዞራል። ትንሽ ቆይቶ ይተወውና ያዳምጣል። እኔ እንዲያውም እንዲህ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ስልክ አውጥቶ ለመቅረጽ አይመችማ።

ደግሞ ኦርጋኑ ሁለት ነው። በምዕራብ በኩል ያለውን ዊልሄልም ዛወር በ1889 ሠራው። ድምፁ ወፍራም ነው፣ ለ19ኛው ክፍለ ዘመን ሙዚቃ የተመቸ። ለሙዚቃ ደራሲው ለባኽ ሥራዎች የሚሆነው በሰሜን በኩል በ2000 ተተከለ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ባኽ ከ1723 እስከ ሞተበት 1750 እዚያው የመዘምራን አለቃ ነበር። ኳየሩ ግን በ1212 የተመሠረተ ነው፤ ባኽን ራሱን በ500 ዓመት ገደማ ይቀድመዋል።

ለመካነ ኢየሱስ ልጆች፦ ሉተርም በ1539 እዚህ ሰብኳል።

ለመሄድ ያሰባችሁ የትምህርት ቤት ዕረፍት እንዳይሆን አጣሩ። ያኔ ልጆቹ ስለማይኖሩ ብዙ ጊዜ እንግዳ ኳየር ነው የሚዘምረው።