ስድስተኛውስ የታለ?

የብሎካችን የሌሊት ጥበቃ ባየኝ ቁጥር "ስድስተኛውስ?" ይለኛል። እየሳቀ ነው የሚለው። እኔ ግን ዓይኑን ማየት ያቅተኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ልጁ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረሰ ነው ጥበቃ የገባው። እዚህ ዳር ላይ ሌሊቱ ረጅም ነው፤ ነፋሱም ቀላል አይደለም። አንድ ማታ አምሽቼ ስገባ ጋቢውን ተከናንቦ፣ በስልኩ መብራት ገጹ የተገነጣጠለ የድሮ መጽሔት ሲያነብ አገኘሁት። አንጀቴን በላው። "ቆይ፣ ጥሩ ነገር ላምጣልህ" አልኩት። ምን ዓይነት ታሪክ እንደሚወድ አልጠየቅኩትም። ደረጃውን ሮጬ ወጥቼ "ጌም ኦፍ ትሮንስ" የሚባለውን የጆርጅ አር. አር. ማርቲንን ተከታታይ የመጀመሪያ ቅጽ ይዤለት ወረድኩ። ያኔ ያበድኩት በሱ ነበር፤ ሰው ሁሉ አብሮኝ እንዲያብድ እፈልግ ነበር።

ወደደው። ጣጣው የመጣው ከዚያ ነው። ከ600 ገጽ በላይ የሆነ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ በስልኩ መዝገበ ቃላት እየታገዘ ገፋው። የሰዎቹ ስም ስለበዛበት የጥበቃ ተራ በሚፈርምበት ደብተር ጀርባ ላይ የዘር ሐረጋቸውን ሣለ። አይቼዋለሁ፤ ከኔ በተሻለ ይዞታል። ሁለተኛውን ሰጠሁት። የቀሩትን ሦስቱን ከሰው ከሰው እየተዋሰ ቀጠለ። ስምንት ወር ፈጀበት። አምስተኛውን የጨረሰ ዕለት ጠዋት፣ ለሥራ ስወጣ በሩ ላይ ጠበቀኝ። "ስድስተኛውስ የታለ?"

ያኔ ነው እውነቱን የነገርኩት። የመጀመሪያው ቅጽ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። አምስተኛው በ2011 ነው። የታሰበው ሰባት ነው። ስድስተኛው እስካሁን አልወጣም።

ዝም ብሎ አየኝና "ወንድሜ፣ ይሄን መጀመሪያ አትነግረኝም ነበር? ጣሪያ የሌለው ቤት ነዋ ያከራየኸኝ" አለ።

እኛ ፋንታሲ፣ ማለትም አስማትና ዘንዶ ያለበትን ምናባዊ ታሪክ፣ የምናነብ ሰዎች መጽሐፍ ስንጠቁም መጥፎ ልማድ አለብን። አንድ ሰው "ምን ላንብብ?" ሲለን የጠየቀውን ሰው ረስተን የራሳችንን ፍቅር እንተርካለን። በቅርቡ አንድ ጓደኛዬ ቤት አራት ሆነን ቡና እየጠጣን ነበር። አንዷ ለፋንታሲ አዲስ ናት፤ "የሚጀመር ነገር ንገሩኝ" አለች። አጠገቧ የተቀመጠው ልጅ ቀድሞ ሮበርት ጆርዳንን ጠራላት። "ዘ ዊል ኦፍ ታይም" የሚባለው ተከታታዩ 14 ቅጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ተጀምሮ፣ ደራሲው በ2007 ሲሞት ሳይጨርሰው ቀርቶ፣ ብራንደን ሳንደርሰን የሚባል ሌላ ደራሲ ከማስታወሻዎቹ ተነስቶ በ2013 ደመደመው። ይሄን ሁሉ ነገራት። ከዚያ "ሰባተኛው አካባቢ ትንሽ ይጎተታል እንጂ ከዚያ በኋላ ይነሳል" አላት። ትንሽ! ሰባተኛው ድረስ ለመድረስ ስንት ሺህ ገጽ እንዳለ አስቡት። ልጅቷ ቶናውን እንኳ ሳትጠብቅ "ምሽት ታክሲ ይጠፋል" ብላ ሄደች።

መጽሐፉ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ግን አሥራ አራት ቅጽ ለሰው ሲጠቆም የሰውየው ሁለት ዓመት አብሮ እየተጠየቀ ነው። ያን ያህል የምንጠይቅ ከሆነ ቢያንስ ጉዱን ቀድመን እንናገር። አለቀ ወይስ አላለቀም? የት ላይ ይደክማል? አንደኛውን አንብቤ ባቆም ታሪኩ አንጠልጥሎ ይተወኛል? ይሄን የማይናገር ጠቋሚ ለኔ ከደላላ አይለይም።

እንዲያውም መጽሐፍ አዟሪዎች ይሻላሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደኛ ሰፈር ብቅ የሚል አንድ አዟሪ አለ። እስከ አገጩ ድረስ መጽሐፍ ደርድሮ ካፌ ለካፌ ይዞራል። መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "ያለፈውን ጨረስከው?" ብሎ ነው። አልጨረስኩም ካልኩት የት ላይ እንዳቆምኩ ይጠይቃል። ከዚያ በኋላ ነው ከቁልሉ መሀል አንዱን የሚመዘው። ለምን እንደዚህ እንደሚጠነቀቅ ይገባኛል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ፊቴን ማየቱ አይቀርም።

ሌላም ነገር አለ። እኛ ጋ መጽሐፍ በሙሉ ስብስብ አይገኝም። መገናኛ አካባቢ ላስቲክ አንጥፈው አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡት ልጆች ዘንድ ሄዳችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ። የሚገኘው ሦስተኛው ነው፤ አንደኛው የት እንዳለ አምላክ ይወቀው። እንግሊዛዊው ቶልኪን "ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ" የሚባለውን ትልቁን ታሪኩን እንደ አንድ መጽሐፍ ነው የጻፈው። አሳታሚው ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወረቀት ውድ ስለነበር በሦስት ከፍሎ እ.ኤ.አ. በ1954 እና በ1955 አወጣው። ያ የለንደን የወረቀት ሒሳብ እስከ መገናኛ አስፋልት ድረስ ተከትሎን መጥቷል። የማውቀው አንድ ልጅ መሀለኛውን ብቻ ገዝቶ፣ ከመሀል ጀምሮ፣ ማን ማን እንደሆነ ሳይገባው ጨርሶታል። "ጥሩ ነው፣ ግን ሰዎቹ ከየት መጡ?" አለኝ።

ለእንደዚህ ዓይነት ገበያ ቴሪ ፕራቸት ሳይሻል አይቀርም። ዲስክወርልድ በሚባል ተከታታይ 41 ልቦለድ ጽፎ እ.ኤ.አ. በ2015 ያረፈ እንግሊዛዊ ነው። ሁሉም አንድ ዓለም ውስጥ ይሁኑ እንጂ አብዛኞቹ ለብቻቸው ይነበባሉ። መሬት ላይ ያገኛችሁትን አንስታችሁ መጀመር ነው። ችግሩ ቀልዱ ነው፤ ግማሹ የእንግሊዝኛ ቃላት ጨዋታ ስለሆነ እንግሊዝኛው ያልጠናበት ሰው ምን እንደሚያስቅ ሳይገባው ያልፈዋል። ይሄንንም መናገር ነው።

ደህና ጥቆማ ምን እንደሚመስል ያስተማሩኝ ግን ፋንታሲ አንብበው የማያውቁ እናት ናቸው። ከመገናኛ ወደ ቱሉ ዲምቱ ስመለስ አውቶቡስ ላይ አጠገቤ ተቀምጠዋል። የያዝኩት መጽሐፍ ሽፋን ላይ ዘንዶ አለ። ጎንበስ ብለው አዩት።

"ልጄ፣ ይሄ ቅዱስ ጊዮርጊስ የገደለው ነው?"

"አይ እማማ፣ ይሄ ሌላ ነው። ይሄኛውን አንዲት ልጅ አሳድጋው ነው።"

"ዘንዶ ታሳድጋለች? እናት አባት የላትም?"

"ሞተውባታል።"

"ውይ! መጨረሻዋስ?"

"ደራሲው ገና አልጨረሰውም።"

"እንግዲያ ይበላታል" አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ከሹፌሩ ጀርባ የተለጠፈው ሥዕል ላይ ያለውን ዘንዶ ያውቁታል፤ እኔም ታሪኩን ከዚያ ማስቀጠል ብቻ ነበር የቀረኝ። ስለ ደራሲው፣ ስለ ሽልማቱ፣ ስለ ፊልሙ አንድም ቃል አላወራሁም። ሁለት ፌርማታ ሳናልፍ ለልጅቷ አዘኑላት።

ለጥበቃው የመካሻ መጽሐፍ ስፈልግ ይሄን አሰብኩ። ኡርሱላ ለጊን እ.ኤ.አ. በ1968 ያወጣችውን የኧርዝሲ ተከታታይ የመጀመሪያ መጽሐፍ መረጥኩ። ቀጭን ነው፤ ለወጣቶች ተብሎ ስለተጻፈ ዓረፍተ ነገሩም አያስጨንቅም። ግን እንዴት ልንገረው? ርዕሱ ላይ "ዊዛርድ" የሚል ቃል አለ። ጠንቋይ ብዬ ብተረጉመው እናቱ ያንን መጽሐፍ ቤት አታስገባውም። አስማተኛ ብለው ደግሞ ከኮፍያ ጥንቸል የሚያወጣ ሰው ይመስላል።

ከዚያ ትዝ አለኝ። አስማት እኮ በግዕዝ የስም ብዙ ቁጥር ነው፤ "ስሞች" ማለት ነው። ደብተራዎች ክታብ ላይ የሚጽፉት የተሰወሩ ስሞችን ነው። የለጊንም ዓለም የሚሠራው በዚሁ ነው። ማንኛውም ነገር እውነተኛ ስም አለው፤ ድንጋይም፣ ጭልፊትም፣ ሰውም። ስሙን ያወቀ በነገሩ ላይ ሥልጣን አለው። ስለዚህ ሰው እውነተኛ ስሙን ደብቆ በሌላ ስም ይጠራል፤ የሚነግረው ለሚያምነው ብቻ ነው። ዋናው ልጅ ደግሞ ቆዳው ቀይ ዳማ ነው። በዚያ ዘመን የእንግሊዝኛ ፋንታሲ ጀግና እንደዚህ መሆኑ ብርቅ ነበር።

ጥበቃውን እንዲህ አልኩት፦ "አያትህ የክርስትና ስምህን ለሰው አትንገር ብለውህ ያውቃሉ?"

"መተተኛ እንዳይሠራብኝ ብለው ነዋ።"

"ይሄ መጽሐፍ ሁሉም ሰው እንዳያትህ የሚያስብበት አገር ነው። ስድስት ነው፤ ስድስቱም ወጥተዋል። አንደኛውን ብቻ አንብበህ ብታቆምም ሙሉ ታሪክ ነው። መጀመሪያ ላይ ቀስ ይላል፤ ልጁ አስማት የሚማርበት ትምህርት ቤት እስኪደርስ ታገሠው።"

ስድስቱም ወጥተዋል ስለው ዓይኑን ጠበብ አድርጎ አየኝ። አልፈርድበትም።

አንዳንድ ጓደኞቼ ይሄን አካሄዴን ይቃወማሉ። ታላላቆቹን በጊዜ ያላነበበ ጣዕሙ ይበላሻል ይላሉ። እኔ የሚበላሽ ጣዕም አላየሁም፤ ያየሁት አንደኛው ቅጽ ላይ ተስፋ ቆርጦ ዳግም የማይመለስ ሰው ነው። ደግሞ ታላላቅ የሚሏቸው ሁልጊዜ እነዚያው አምስት ስሞች ናቸው። በረዶ፣ ግንብ፣ ፈረስ። የናይጄሪያ ዝርያ ያላት አሜሪካዊቷ ነዲ ኦኮራፎር እ.ኤ.አ. በ2010 ወደፊት በሚመጣ ዘመን ሱዳን ላይ የሚካሄድ ልቦለድ አውጥታለች። ጎረቤታችን ነው እኮ! ያን ዕለት ቡናው ላይ ያነሳት አልነበረም፤ እኔም ጭምር። እንግሊዝኛ አልገፋልህ ላለው ደግሞ የይስማዕከ ወርቁን ዴርቶጋዳ መስጠት ነው፤ የጣና ገዳማትና የሕዋ ሳይንስ አንድ ላይ። ፋንታሲ ነው አይደለም የሚለው ክርክር ለቡና ጊዜ ይቆየን።

መጽሐፉን በሰጠሁት በአራተኛው ቀን በሬ ተንኳኳ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ ተራውን ጨርሶ ሊሄድ ነው። መጽሐፉ በጋዜጣ ተጠቅልሏል።

"ሁለተኛው አለ?"

"አለ፣ ግን ሰው ጋ ነው።"

"ማን ጋ?"

"ታች ፀጉር ቤት የምትሠራዋ ልጅ ጋ።"

"ስንተኛው ገጽ ላይ ናት?"

አላውቅም አልኩት። በሩን ሳልዘጋ ደረጃውን ሲወርድ ሰማሁት። ፀጉር ቤቱ የሚከፈተው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው።