ባለቤት የሌለው ጽሑፍ
በአንዲት የጎደለች ሴሚኮለን የሰውን ኮድ የሚገሥጽ ኮምፓይለር (ኮድን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉም ፕሮግራም) ሲነሣ የሚሰጡትን የራሱን የትእዛዝ አማራጮች በሚሞሪ ውስጥ በወጉ መያዝ ሲያቅተው ያንገበግበኛል። አንዱ አማራጭ በቀጥታ ወደ አርግቪ (ፕሮግራሙ ሲነሣ የተሰጡት ቃላት ዝርዝር) ይጠቁማል፤ ሌላው በስትርደፕ (ጽሑፍን ወደ አዲስ ሚሞሪ በሚቀዳ የሲ ቋንቋ ተግባር) ይገለበጣል፤ ሦስተኛው በኮዱ ውስጥ የተጻፈ ቋሚ ጽሑፍ ነው። ሦስቱም ግን በአንድ ዓይነት ጠቋሚ (የሚሞሪ አድራሻ በሚይዝ ተለዋዋጭ) ይያዛሉ! ታዲያ ሚሞሪን የሚለቅቀው ተግባር፣ ፍሪ፣ ሲጠራ የትኛው መለቀቅ እንዳለበት በምን ይታወቃል? ሁለት ጊዜ የተለቀቀ ጽሑፍ ሚሞሪውን ሊያበላሽ ይችላል፤ ፕሮግራሙ የሚወድቀው ግን ብዙ ጊዜ ከስህተቱ ርቆ፣ ምንም ጥፋት በሌለበት ተግባር ውስጥ ነው። «ኮምፓይለር ሥራውን ጨርሶ ይወጣል፣ ሚሞሪ ባይለቅስ ምን አለበት?» የሚለው መልስ ደግሞ ይብሳል። ዛሬ ኮምፓይለር እንደ ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች እንደሚጠቀሙበት የኮድ ስብስብ) በሌላ ፕሮግራም ውስጥ ገብቶ ለቀናት ሊሠራ ይችላል፤ ያልተለቀቀው ሚሞሪም እየተከማቸ ይሄዳል። የጽሑፉ ባለቤት ማን እንደሆነ በኮዱ ውስጥ በአንድ መስመር ማስታወሻ ማስፈር ይህን ያህል ይከብዳል?