ከአንድ እስከ ስምንት

አጎቴ ገንዘብ የሚይዘው ሦስት ቦታ ከፋፍሎ ነው። ትንሹን ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ፣ መካከለኛውን ኮቱ ውስጥ፣ ዋናውን ካልሲው ውስጥ። የሸሚዙ ለሌባ የተመደበ ነው። "ሌባ ባዶ እጁን ከሄደ ይናደዳል" ይላል። ጎንደር ተወልዶ አዲስ አበባ ያረጀ ሰው ነው። ባለፈው ጥር ለጥምቀት አብረን ሄድን። ከአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ፒያሳ ሻንጣውን ጭኑ ላይ አቅፎ ነው የመጣው። ሹፌሩ "ጋሼ፣ ከኋላ ላድርግልዎት?" ሲለው እንደ ሕፃን ጠበቅ አደረገው።

ይሄ ሰው ነው እንግዲህ ሆቴሉ እንደገባን፣ ሰላምታውን እንኳን ሳይጨርስ፣ "የኔ ልጅ፣ ዋይፋይ አለ?" ያለው።

"አለ ጋሼ። ከአንድ እስከ ስምንት ነው" አለች ልጅቷ።

ከአንድ እስከ ስምንት! በዚህ አገር ስምንት ድረስ መቁጠር የቻለ ሰው በስንት ካፌና ሆቴል ኢንተርኔት ሊጠቀም እንደሚችል አስቡት። ስምንት የሆነውም ለጥንቃቄ ተብሎ አይደለም። ዋይፋዩ ከስምንት ያነሰ ፓስወርድ አልቀበልም ስለሚል ነው። አራት ይበቃኛል ቢል ኖሮ ከአንድ እስከ አራት ይሆን ነበር። እሱም በልብ እንዳይረሳ ተጽፎ፣ ላሚኔት ተደርጎ፣ ሜኑው ጀርባ ላይ ከሽሮ ፈሰስ በታች ተለጥፏል።

አጎቴ መነጽሩን ሰካና ስልኩን ከፈተ። ሁለት ስም መጣለት። አንዱ የሆቴሉ ስም ነው። ሌላውም የሆቴሉ ስም ነው፣ ግን ጫፉ ላይ "ፍሪ" የሚል ተቀጥሎበታል። ይሄኛው ፓስወርድ አይጠይቅም።

"ነጻ እያለ ምን ያስቆጥረኛል?" አለና ነካው።

አንድ ገጽ ተከፈተ። እንኳን ደህና መጡ ይላል። ስልክ ቁጥር ጠየቀው፤ ሰጠ። ቀጠለና የቴሌብር ሚስጥር ቁጥር ጠየቀው። ካልሲው ውስጥ ስንት እንዳለ ለሚስቱ እንኳን የማይናገር ሰው ጣቱን አየር ላይ አንጠልጥሎ ቁጥሩን ማስታወስ ጀመረ። ስልኩን ከእጁ ነጠቅኩት።

"ጋሼ፣ የኛ አንዱ ብቻ ነው" አለች ልጅቷ ከጠረጴዛው ማዶ አንገቷን አስግጋ። "ያንን እኛም አናውቀውም።"

የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ማንም ሰው በስልኩ የራሱን ዋይፋይ (ሆትስፖት) ከፍቶ የፈለገውን ስም ያወጣለታል። ክርስትና አባት አያስፈልገውም። ስልካችን ደግሞ የዋህ ነው። ስም ያያል እንጂ የማን ልጅ ነህ ብሎ አይጠይቅም። አንድ ጊዜ ገብቶበት የሚያውቀውን ስም ካየማ እኛ ሳናዘው ዘሎ ይገባል። ለዚህ ነው እኔ ሆቴል ስለቅ ቁልፉን መልሼ የዋይፋዩንም ስም ከስልኬ የማጠፋው።

ከሰዓት በኋላ አጎቴ ፋሲል ግቢን አስጎበኘኝ። በሮቹን በስም እየጠራ፦ ፊት በር፣ ወንበር በር፣ እምቢልታ በር፣ ባልደራስ በር... 12 ናቸው። "ያን ጊዜ ዘው ብሎ የሚገባ የለም! ሁሉም በየበሩ ነው" አለኝ ደረቱን ነፍቶ። እውነቱን ነው። ያን ጊዜ "ፍሪ" የሚባል 13ኛ በር አልነበረም።

ሰውን ለማስፈራራት አይደለም ይህን የማወራው። ዛሬ የባንኩም የቴሌግራሙም መልእክት ተቆልፎ ነው የሚሄደው። አጠገባችሁ ማኪያቶ የሚጠጣ ጎረምሳ ፓስወርዳችሁን ከአየር ላይ አይለቅምም፤ እሱ ፊልም ላይ ነው። ጎረምሳው የሚጠብቀው እናንተው ጽፋችሁ እንድትሰጡት ነው። እኔ ብር መላክ ሲኖርብኝ ዋይፋዩን አጥፍቼ በራሴ ዳታ እልካለሁ። ለአጎቴም ይህንኑ ነገርኩት። ቪፒኤንም አለ አልኩት።

"እሱ ደግሞ ምንድን ነው?"

"ኢንተርኔት ላይ የምታደርገውን ሸፍኖ የሚያሳልፍልህ አፕ ነው። ጋቢ ተከናንቦ መንገድ እንደመሄድ ነው። ሰፈሩ አያይህም።"

ትንሽ አሰበ። "ጋቢውን ያለበሰኝስ ሰውዬ አያየኝም?"

ዝም አልኩ። የኮምፒውተር ሰዎች ሲጠይቁት የሰማሁትን ጥያቄ ነው የጠየቀኝ። ጋቢው በነጻ የሚታደል ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

እንዲህ ስመክር ከርሜ፣ የከተራ ዕለት የመመለሻ ትኬቴን ላትም ሎቢው ውስጥ ያለው ኮምፒውተር ላይ ተቀመጥኩ። ኪውአር ኮዱን በስልኬ አንስቼ ቴሌግራሜን ከፈትኩ፤ ትኬቱን አተምኩ። አጎቴ ከበሩ ላይ "አንተየ፣ ታቦቱ ወጣ እኮ!" ብሎ ጮኸ። ወረቀቴን ይዤ ሮጥኩ። ቴሌግራሜ እዚያው ተጎልቶ ቀረ።

በነጋታው ጠዋት ፋሲለደስ መዋኛ ነን። ከቀሃ ወንዝ የመጣው ውሃ ተባረከና ወጣቱ ከግንቡ ላይ እየዘለለ ይገባል። ውሃ ሲረጭ ስልኬ እንዳይበላሽ በሁለት ፌስታል ጠቅልዬ፣ አፉን በጎማ አስሬዋለሁ። እንዲህ ነው የምጠነቀቀው! ፌስታሉ ውስጥ ጠራ። እህቴ ናት።

"ምን ሆንክ?"

"ምን ሆንኩ?"

"ሆስፒታል ነኝ፣ በዚህ አካውንት 15 ሺህ ብር ላኪልኝ ብለሃል እኮ!"

ጎማውን በጥርሴ በጠስኩት። መልእክቱ ሌሊቱን ለዘመድ አዝማድ ሁሉ ተልኳል። ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ የተከፈቱትን ዲቫይሶች አየሁ። የሎቢው ኮምፒውተር ቁጭ ብሏል። አስወጣሁት። ከዚያ መልሶቹን ማንበብ ጀመርኩ። ወንድሜ "መጀመሪያ የአምናውን መልስ" ብሏል። የድሮ የሥራ ባልደረባዬ አንብቦ ጸጥ። የሚስቴ እህት "ደግሞ ጀመረህ?" ብላለች። አንድ ብር የላከ የለም። የደነገጠችውም እህቴ ብቻ ናት። ሌባው ሌሊቱን ሙሉ በእኔ ስም ለምኖ የአውቶቡስ እንኳን አላገኘም። ደስ ይበለኝ ይክፋኝ አላወቅኩም።

አጎቴ ነጠላውን እየጨመቀ ይሰማኛል።

"አይቼዋለሁ" አለ።

"ምኑን?"

"ሆስፒታል ነኝ ያልኸውን። ለእኔም ደርሶኛል። ማታ ነው ያየሁት።"

"ጋሼ፣ ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"አጠገቤ ታንኮራፋለህ። በእንቅልፍ ልብህ የምትለምን መስሎኝ።"