ከእኔ በፊት ማንም አልነበረም

የቤታችን ኮምፒውተር ሲበራ መጀመሪያ የሚያወጣው ጥቁር ገጽ ላይ የተደረደረ የስም ዝርዝር ነው። ዊንዶውስ አለ፤ ከሊኑክስ ወገን የሆነው ኡቡንቱ አለ፤ ሰሞኑን ደግሞ ሦስተኛ ሥርዓተ ክወና፣ ማለትም ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ዋና ፕሮግራም፣ ተጨምሯል። ዝርዝሩ አሥር ሰከንድ ቆጥሮ፣ የሚመርጥ ሰው ካላገኘ፣ አናቱ ላይ የተቀመጠውን ይከፍታል። ቡና ልቅዳ ብሎ ዞር ያለ ሰው ምርጫው አመለጠው ማለት ነው።

አዲሱ ሲመጣ በትሕትና ነበር የመጣው። «ከሌሎቹ ጎን ልቀመጥ ወይስ ዲስኩን በሙሉ ላጽዳ?» ብሎ ጠየቀ። ጎን ተቀመጥ ተባለ፤ ቦታም ተከፍሎ ተሰጠው። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲበራ ግን አናት ላይ ያገኘሁት እሱን ነው። ኡቡንቱ አንድ ደረጃ ወርዷል፤ ዊንዶውስ ከመጨረሻው መስመር ላይ ተጥሏል። ማን ሾመህ? ጎን ተባልክ እንጂ አናት ተባልክ?

ለነገሩ አመሉ የቆየ ነው። ድሮ ኮምፒውተሩን የሚያስነሣው ትንሽ ፕሮግራም የሚያርፈው በዲስኩ የመጀመሪያ ቁራጭ ላይ ነበር፤ ስፋቷም 512 ባይት ብቻ። አንድ ወንበር ስለሆነች ኋላ የመጣው የፊተኛውን አስነሥቶ ይቀመጣል። ዊንዶውስን ከሊኑክስ በኋላ የጫነ ሰው ሁሉ ሊኑክሱ የት እንደገባ ሲፈልግ አምሽቷል። እሺ፣ ቦታ በጠበበበት ዘመን መጋፋት ይገባኛል። ዛሬ ግን ዩኢኤፍአይ የሚባለው አሠራር ለማስነሻ ብቻ የተለየ የዲስክ ክፍል አለው፤ እያንዳንዱ ሥርዓት ፋይሉን በየራሱ አቃፊ አኑሮ በሰላም መኖር ይችላል። ይህም ሆኖ የመጨረሻው መጤ ቅደም ተከተሉ ላይ ራሱን አንደኛ አድርጎ ይጽፋል። ወንበር ሞልቶ ተርፎ መጋፋት ምን ይባላል?

አዲስ ኃላፊ ነው የሚባለው። መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሲቀየር አይታችኋል? መጀመሪያ መጋረጃው ይወርዳል። ቀጥሎ ጠረጴዛው ፊቱን ከበሩ ወደ መስኮቱ ያዞራል። የፊተኛው ኃላፊ ለምን ወደ በሩ እንዳዞረው የሚጠይቅ የለም፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ ዓይን ስለምትወጋ ነበር። ከዚያ የበሩ ጽሑፍ ይቀየራል፤ ተጠናቆ ፊርማ የቀረው ጥናት «እንደገና ይታይ» ተብሎ ወደ መጋዘን ይወርዳል። ከጥቂት ወራት በኋላ ጠረጴዛው ወደ በሩ ይመለሳል፤ ያውም እንደ አዲስ ግኝት፣ በስብሰባ ተመስግኖ።

ከዜሮ መጀመርን የሚያህል የምንወደው ነገር ያለ አይመስለኝም። ኮምፒውተር መጠገኛ ቤት ሂዱ። ድምፅ አይሰማም? ፎርማት ይደረግ። ማተሚያው አልታዘዝ አለ? ፎርማት ይደረግ። ይዘገያል? ይህማ ሳይነገርም ፎርማት ነው።

እንዲህ ካለ ባለሙያ ጋር ቂም አለኝ፤ ዓመታት አልፈውም አልወጣልኝም። ያን ጊዜ የእድራችን ጸሐፊ ነበርኩ። ማን ስንት ወር እንዳልከፈለ፣ ማን ድንኳኑን ወስዶ ካስማውን እንዳጎደለ፣ ማን ትልቁን ብረት ድስት ለሠርግ ተውሶ እንዳስቀረ የሚያሳየው መዝገብ በሙሉ ዲ በሚባለው የዲስኩ ክፍል ላይ ነበር። «ሲን እንደፈለግህ አድርገው፤ ዲን ግን እንዳትነካ» አልኩት። «ችግር የለም ጋሼ» አለኝ። ማታ ስመለስ ፊቱ በኩራት በርቶ «አሁን አዲስ ሆነልዎት!» አለ። ሲም ዲም ተጠቃልለው አንድ ሰፊ ሜዳ ሆነዋል። «ዲ የት አለ?» ስለው፣ «ቦታ ይበዛልዎታል ብዬ ነው» አለኝ። የእጁንም ተቀብሎኛል! ውዝፍ ያለባቸው አባላት ግን ሱቁን አጠያይቀው መርቀውታል፤ አንዳንዶቹም የራሳቸውን ኮምፒውተር ወስደውለታል። ብረት ድስቱ እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

ባለቤቴ ሌላ ሐሳብ አላት። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» ትላለች፣ ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር። ይህን ተረት እወደዋለሁ። የምወደውም ትክክል ስለሆነ አይደለም፤ ተናጋሪዎቹን ስለማውቃቸው ነው። ይህን የሚመክሩን ሰዎች ኪሳቸው ውስጥ ሁለት ሲም ካርድ የያዘ ስልክ አለ። ቀን መሥሪያ ቤት ውለው ማታ የግል ኮሌጅ ያስተምራሉ፤ ሁለት እቁብ ይጥላሉ፤ ዓመታቸው እንኳን ሁለት ነው፣ አንዱ ለቤት አንዱ ለፓስፖርት። አገር በሙሉ ሁለት ዛፍ ላይ ቆሞ፣ እኔ ወደ ሦስተኛው እግሬን ሳነሣ ነው ተረት የሚታወሰው።

ሰዓታችንም ሁለት ነው፤ ኮምፒውተሩ ሦስተኛ ጨመረልን። ዊንዶውስ በማሽኑ ውስጥ የሚቆጥረውን ሰዓት የአካባቢው ሰዓት ነው ብሎ ያነበዋል፤ ሊኑክስ ደግሞ የዓለም አቀፉ መለኪያ ነው ብሎ ይይዘዋል። እኛ ከመለኪያው በሦስት ሰዓት ስለምንቀድም፣ ከሊኑክስ ወጥቶ ዊንዶውስን የከፈተ ሰው ሰዓቱን ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ያገኘዋል። ባለፈው ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ 8:00 ማለት ሲገባው 5:00 ብሎ ቁጭ አለ። ባለቤቴ በእኛ አቆጣጠር አነበበችው፤ አምስት ሰዓት! ገበያው ሳይበተን ልድረስ ብላ ዘንቢሏን አንሥታ ወጣች። ነጋዴዎቹ ገና ሸራቸውን አልዘረጉም ነበር። ስትመለስ ተረቱን ደገመችልኝ፤ በዚህኛው ጊዜ ግን ድምፁ ከፍ ያለ ነበር።

የሰዓት ክልል ምረጡ ሲባል ደግሞ በዊንዶውስ ዝርዝር ውስጥ አዲስ አበባ የለችም፤ ናይሮቢን ነው የምንመርጠው። በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተባት ከተማ! ናይሮቢ ምን አደረገችን፣ መልካም ከተማ ናት፤ ግን እኔ እዚያ አልኖርም። ሊኑክሶቹ አዲስ አበባን በስሟ ያውቋታል፤ ከጀርባ ያለው የሰዓት መዝገብ ግን እሷንም ከናይሮቢ ጋር አያይዞ ነው የሚያነባት።

ሦስተኛውን ታዲያ ለምን አስገባህ የሚል ይኖራል። ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ አበቃ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት መሣሪያና የቅርብ ዘመን ፕሮሰሰር ካላየ በይፋ አይቀበልም። ደህና የሚሠራ፣ ያልታመመ፣ ያልሰነፈ ኮምፒውተር አንድ ቀን ጠዋት «ዘመንህ አልፏል» ይባላል። ይህ ቀልድ አይደለም፤ ያናድዳል። በእኛ አገር ኮምፒውተር ከወንድም ወደ እህት፣ ከእህት ወደ ጎረቤት ልጅ እየወረደ ነው የሚኖረው። የሚሞተው ሲሞት ነው፤ ሩቅ አገር የተቀመጠ ሰው በቆረጠለት ቀን አይደለም። የእህቴ ልጅ ይህን ንዴቴን ሰምቶ «ጋሼ፣ ለቆየ ማሽን የሚሆን ቀላል ሊኑክስ አለ» ብሎ ፍላሹን ይዞ መጣ። ጫነው፤ ምሳውን በላ፤ ሄደ።

ቅደም ተከተሉን መመለስ ይቻላል አሉ። «አንድ መስመር ትእዛዝ ነው» ብሎኝ ነበር ጫማውን እያሰረ። ከሦስቱ በየትኛው ውስጥ ሆኜ እንደምጽፈው ግን አልነገረኝም። ሁለት ሲም ካርድ አለው፤ ሁለቱም ዝግ ናቸው።