ማስተካከያ፦ ነጭ ጆሮ ቆርኬ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም

ስለ ጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ በወጣው ጽሑፍ ላይ ነጭ ጆሮ ቆርኬ የሚባለው የዱር እንስሳ «በኢትዮጵያ ብቻ ይገኛል» ተብሏል። ይህ ስህተት ነው። ቆርኬው ውሃና ለምለም ሣር እየተከተለ በደቡብ ሱዳኑ ቦማ ብሔራዊ ፓርክና በጋምቤላ መካከል ይመላለሳል። ድንበር የሚባል ነገር አያውቅም። እንዲያውም አብዛኛው መንጋ ያለው እዚያ ማዶ ነው፤ በ2023 እ.ኤ.አ. በደቡብ ሱዳን ከአየር በተደረገ ቆጠራ 5 ሚሊዮን ገደማ ተገምቷል።

ከጽሑፉ ጋር በወጣው ፎቶ ላይ «ሌላ ዝርያ» የተባለችውም ሴቷ ቆርኬ ናት። ወንዱ ጠቆር ይላል፤ ጆሮውና የዓይኑ ዙሪያ ነጭ ነው። ሴቷ ቀላ ያለች ናት፣ ቀንድም የላትም።

«ጥበቃው የጋምቤላ ጉዳይ ነው» የሚለውም ይታረም። እዚህ ቢጠበቅ፣ እዚያ ከታደነ ምን ዋጋ አለው? ኢጋድ በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ ባካሄደው የብዝኃ ሕይወት ፕሮግራም ቦማንና ጋምቤላን አንድ ላይ ያቀፈው በዚሁ ምክንያት ነው።